«አለሁ» የማለት ወረፋ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ምሰሶን የሰፈራችን አናጢ ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። አንድ ሰፊ ባለመደገፊያ ወንበር መሬት ላይ ተቀምጧል፤ አናጢው በግራና በቀኙ ሁለት ረጃጅም መሎጊያ ይቸነክርበታል፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው «እዚህ ጋ ይላላል፣ አንድ ምስማር ጨምርበት» ይላሉ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ማለፍ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን «ነገር ፍለጋ» ትለዋለች፤ እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት መምህርነት የተረፈኝ ልማድ ነው እላለሁ። ሰላምታ ሰጥቼ ወንበሩ ለምን እንደሚሆን ጠየቅኳቸው።

«ሽቦን ልንሸከምበት ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ሰዎቹን ለማያውቅ ላስረዳ። ጋሽ ምሰሶና ጋሽ ሽቦ ዕድሜያቸውን በሙሉ የስልክ መስመር ሠራተኞች ነበሩ። አንዱ እንጨት ያቆማል፣ ሌላው ሽቦ ይዘረጋል፤ ስማቸውም ከዚያው መጣ፤ ዋናውን ስማቸውን የሚያስታውስ ጎረቤት የለም። ሦስተኛ ጓደኛም ነበራቸው፤ ቁመቱ የዘለቀ፣ እንጨቱ ጫፍ ላይ ወጥቶ ሽቦውን የሚያስር፣ መሰላል የሚሉት። መስመሩ መሥራቱን ሲሞክሩ አንዱ ከዚህኛው ጫፍ «አለህ?» ይላል፣ ሌላው ከዚያኛው ጫፍ «አለሁ» ይላል፤ ያን ጊዜ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደሚቀጥለው መንደር ይሄዳሉ። ሲያወሩ የሰማቸው ሰው፣ እነዚህ ሦስቱ ባይኖሩ ኖሮ አገሩ በሙሉ ዲዳ ሆኖ ይቀር ነበር ሳይል አይመለስም። እኔም ብዙ አላጋነኑም እላለሁ። ጋሽ መሰላል ከዓመት በፊት አረፉ ተብሎ ጋሽ ምሰሶ ለቅሶ ተቀምጠው ነበር፤ እኔም ሄጄ አጽናንቻቸዋለሁ።

አሁን ደግሞ ጋሽ ሽቦ ታመዋል። ከወር በፊት ድንገት ወድቀው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ምላሳቸውም ተሳስሮ አልጋ ላይ ናቸው። ሐኪሙ ከክፍላቸው ንቅንቅ እንዳይሉ አጥብቆ አዟል። በሌላ በኩል የጡረታ ቢሮው በዓመት ሁለት ጊዜ ጡረተኞቹን በአካል ይጠራል። ስም ይነበባል፣ የተጠራው «አለሁ» ይላል፣ ምልክት ይደረግለታል። ያልቀረበ ሰው እንደሞተ ይቆጠርና የሕክምና ካርዱ ይዘጋል፤ ሞቶ አለመሞቱን ለማስረዳት ወራት ይፈጃል። የጋሽ ሽቦ መድኃኒት በየሳምንቱ የሚወጣው በዚያ ካርድ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ሳምንት እንኳን መቋረጥ የለበትም። የዘንድሮው ጥሪ የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነበር። ጋሽ ምሰሶ የሰፈሩን አራት ጎረምሶች አስተባብረው፣ ጓደኛቸውን በዚህ ወንበር ከተማውን አቋርጠው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሊያወጡ ቆርጠዋል።

«ሐኪሙስ?» አልኳቸው።

«ሐኪሙ አትንቀሳቀስ አለ። እነዚያ ግን ዓርብ ከሰዓት ሞቷል ብለው ይጽፉታል። የቱ ይብሳል አንተ መምህር?»

እኔም መምህራን ማረፊያ ውስጥ የሰማሁትን አነሳሁ። ቢሮው ከሁለት ዓመት ወዲህ ቤታቸው ሆነው በስልክ ለሚቀርቡ ሰዎች አገልግሎት ጀምሯል፤ ካልተቻለ ነው እንጂ ከተቻለ ምን አስጨነቀን ብዬ መከርኳቸው። ምነው ባልተናገርኩ። ፊታቸው ጥቁር አለ። ያቺ የሽቦ ልጅም ጠዋት ማታ ይህንኑ እንደምትዘፍንባቸው፣ አሁን ደግሞ እኔ እንደተጨመርኩባት፣ የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ እንዳለበት ነገሩኝ። ከዚያ ወንበሩን በአንድ ጎን አንስተው በሌላው ጎን እንድይዝ በዓይናቸው አዘዙኝ። ያዝኩ፤ ምን አደርጋለሁ።

የጋሽ ሽቦ ቤት ሁለት ክፍል ነው። አልጋቸው ከውስጠኛው ግድግዳ ተጠግቶ፣ ራስጌው ላይ በርጩማ፣ በርጩማው ላይ የመድኃኒት ብልቃጥና የውሃ ጆግ አለ። ልጃቸው ነርስ ናት፤ ከክሊኒክ እንደገባች ነጩን ጋዋን ሳታወልቅ አባቷን ትራስ ታስደግፋለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከአባቷ በቀር ማንም የላትም። ወንበሩ በበሩ አልገባ ብሎን ስንታገል አየችን።

«ጋሼ፣ እሱን ወንበር ከደጅ ይመልሱት» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «አባቴ ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

ጋሽ ምሰሶ ወንበሩን በሩ ላይ ትተው ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከልጅቷ ጋር እንደ አባትና ልጅ ይዋደዳሉ፤ ስትወለድ ስሟን ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ክርክራቸው ቁጣ የሌለበት፣ ግን አንዱም ፍንክች የማይልበት ነበር።

«ልጄ» አሉ፣ «የሰውን መኖር የሚመሰክረው ሰው ነው። ፀሐፊው ቀና ብሎ ዓይንሽን ያይሻል፣ አንቺም ታይዋለሽ፣ ‹አለሁ› ትያለሽ፣ ይጽፋል። ይህ ወግ ነው፤ ለአገር ለሠራ ሰው የሚገባው ክብር ነው። እንዴት ተደርጎ ነው ሰውዬው እዚህ ተኝቶ ለቆርቆሮ ‹አለሁ› የሚለው?»

«እሺ ጋሼ፣ ዓይን ለዓይን መተያየቱን አልጠላሁም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ባለፈው ጥሪ አባቴ ትኩሳት ይዞት እዚህ ነበር የተኛው። ታዲያ ቢሮው ውስጥ ያ ፀሐፊ ማንን ነው ያየው?»

ጋሽ ምሰሶ ሳላቸው መጣ። ከአልጋው በኩል የተጣመመች ሳቅ ሰማሁ፤ ጋሽ ሽቦ ናቸው። ነገሩን በኋላ ቁርጥራጩን ገጣጥሜ ተረዳሁት። ያን ቀን ጋሽ ምሰሶ የጓደኛቸውን ባርኔጣና መነጽር አድርገው፣ የሽቦ ስም ሲጠራ «አለሁ» ብለዋል። ፀሐፊው ከመዝገቡ ቀና ሳይል ምልክት አድርጓል። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቀው መነጽሩን ኪሳቸው ከተው፣ የራሳቸው ስም ሲደርስ ሁለተኛ «አለሁ» ብለዋል። ዘንድሮም ያንኑ ያደርጉት ነበር፤ ግን በዚህኛው ጥሪ የጣት አሻራ ተጨመረ፣ አሻራ ደግሞ እንደ ባርኔጣ የሚዋሱት ነገር አይደለም።

«እሱ… ለጓደኛ ሲባል ነው» አሉ ጋሽ ምሰሶ።

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ያኔ እኔም ስለ ስልኩ አልሰማሁም ነበር፤ ውለታዎን አልረሳም። ግን አሁን ያሉት ያ ዓይን አላየም። ስልኩ ግን ‹ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ወደ ቀኝ ይዙሩ› ይላል፤ ፎቶ ቢያሳዩት ፎቶ አይዞርም። ከዚያ በኋላ ሠራተኛዋ ራሷ በቪዲዮ ገብታ፣ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ትጠይቃለች። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ለማታለል የቱ ይቀላል?»

እዚህ ላይ እኔም ዝም ማለት አቃተኝና ስለ ደህንነቱ አንድ ሁለት ነገር ጨመርኩ፤ እነሱ ግን ሁለቱም አልሰሙኝም። ጋሽ ምሰሶ ወደ ሌላ በኩል ዞሩ። ስልክ የሌለው ምን ይሁን አሉ። ማንበብ የማይችለውስ? የእነሱ ዘመን ሰው ግማሹ ዓይኑ ደክሟል፣ ግማሹ ጣቱ ይንቀጠቀጣል፤ እንዲህ ያለውን ሰው መስታወት ንካ ማለት ግፍ ነው አሉ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ እሷም እንደ ተገቢ ጥያቄ መለሰችው። ቢሮው አልተዘጋም፣ መሄድ የሚችልና የሚወድ ይሂድ አለች። ስልክ የሌለውን ጎረቤቱ ያግዘዋል፤ እሷ ራሷ ክሊኒክ ለሚመጡ አዛውንቶች በእረፍት ሰዓቷ ታደርግላቸዋለች። ከሁለት ቀን መንገድ በመኪና እየተንገላቱ፣ ዘመድ ቤት እያደሩ ይመጡ የነበሩ አንዲት እናት በዚህኛው ጥሪ እሷ በስልክ እየመራቻቸው ከገዛ አልጋቸው ሳይነሱ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝባቸው ጨርሰዋል። «በቃ?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ አለች።

«ኔትወርክ እያሉ የሚያወሩት ነገር ግን አይገባኝም» አሉ ጋሽ ምሰሶ። አሁን ከልባቸው እንደሚናገሩ ያስታውቁ ነበር። «እኔ በእጄ የያዝኩትን ነው የማምነው። እንጨት ቆፍሬ ተክያለሁ፣ ሽቦ በትከሻዬ ተሸክሜያለሁ። ድምፅ ከዚህ እንጨት ወደዚያ እንጨት ሲሄድ በምን በኩል እንደሄደ አውቃለሁ። የተበጠሰ እንደሆነ ሄጄ እቀጥለዋለሁ። ይኼ አየር ላይ የሚሄደው ሲበጠስ የት ሄጄ ልቀጥለው ነው?»

ልጅቷ የአባቷን ብርድ ልብስ አስተካከለች።

«አባቴ የወደቀ ቀን እርስዎ አልነበሩም» አለች። «እኛ ክሊኒክ የነርቭ ስፔሻሊስት የለም። ዋናው ሆስፒታል ለመድረስ አምስት ሰዓት መንገድ ነው፤ አባቴ አምስት ሰዓት አልነበረውም። ዶክተራችን ፊቱንና እጁን በቪዲዮ ቀረጸ፣ የልቡን ምት የሚያሳየውን ወረቀት ፎቶ አነሳ፣ ላከው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስፔሻሊስቱ ደውሎ ምን እንደምንሰጠው፣ ምን እንዳንሰጠው አንድ በአንድ ነገረን። እኔ ነኝ መርፌውን የወጋሁት። ጋሼ፣ አባቴ ዛሬ የሚተነፍሰው እርስዎ በማያምኑት አየር በመጣ ቃል ነው።»

ጋሽ ምሰሶ ይህን አያውቁም ነበር። ዓይናቸውን ወደ ጓደኛቸው መለሱ፤ ጋሽ ሽቦም ደህና በሆነው ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸውን ነካ ነካ አደረጓቸውና ቃል ለማውጣት መታገል ጀመሩ። ሁላችንም ጠበቅን።

«ድንጋይ…» አሉ። «ድንጋይ… ወርዋሪዋ።»

ጋሽ ምሰሶ አቀረቀሩ። ወዲያው ግን ከንፈራቸው ሳቅ ሳቅ አለው። ታሪኩን ከዚህ በፊት ብሰማም እንደገና ነገሩኝ። በጉብዝናቸው ዘመን አንዲት ባለ እርሻ፣ ማሳዋ ዳር እንጨት እንዳይተክሉ ሦስት ቀን በድንጋይ አባረረቻቸው። በሽቦ ውስጥ ድምፅ ያልፋል መባሉን ሰምታ፣ ይኼ የሰው ሥራ አይደለም፣ ከብቶቼን ያስወርድብኛል ትላለች። በአራተኛው ቀን ጋሽ መሰላል እንጨቱ ላይ ወጥተው፣ ሩቅ አገር የተዳረችውን ልጇን ከዚያኛው ጫፍ አስጠርተው፣ መነጋገሪያውን ወደ ታች አወረዱላት። ሴትየዋ ልጇ «እማዬ» ስትል ሰማች። ከዚያ ወዲያ ያን እንጨት ማን ይንካው፤ ከብት እንኳን እንዳይታከክበት በእሾህ አጥራ ጠበቀችው።

«እኔ አሁን ድንጋይ ወርዋሪዋ ሆንኩ ማለትህ ነው?» አሉ ጋሽ ምሰሶ።

ጋሽ ሽቦ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ። አዎን ማለታቸው ነው።

ነገሩ ያኔ ያለቀ መስሎኝ በልቤ እሰይ ብዬ ነበር። ጋሽ ምሰሶ ግን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ጠርዙ የተበላ ትንሽ ደብተር አውጥተው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ እስካሁን ሲከራከሩ የነበሩት ሰውዬ አይመስሉም ነበር።

«እውነተኛውን ነገር ልንገራችሁ» አሉ። «ስለ አየሩም ስለ ቆርቆሮውም አይደለም። ይህ የእኛ ክፍል ሠራተኞች ስም ነው። ጡረታ ስንወጣ ሃያ ስድስት ነበርን። ሁሉም በየአገሩ ተበተነ። በዓመት ሁለት ጊዜ ግን እዚያ ወረፋ ላይ እንገናኛለን። አንዱ ወንበር ይይዝልሃል፣ አንዱ ስለ ልጁ ያወራሃል፣ ስምህ ሲጠራ ሁሉም ዞሮ ያይሃል። ስሙ ተጠርቶ ዝም የተባለ እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እንተያያለን። እኔ እዚህ ላይ መስቀል አደርጋለሁ። ዐሥራ አንድ መስቀል ሆኗል። መሰላልንም እንዲሁ ነው ያወቅኩት፤ ሁለት ጥሪ ሙሉ ስሙ ተጠርቶ የሚመልስ ጠፋ። ወረፋው ከቀረ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ በምን አውቃለሁ? እኔስ ስቀር ማን ያውቃል?»

ብዙ ዓመት ያስተማርኩት እኔ፣ ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣው፣ ይህ አልታየኝም ነበር። የቴክኖሎጂን ጥቅም ስንደረድር ለካ ሰውየው ይፈሩ የነበረው ወዳጅ ማጣትን ነው። ይህን ያላስተዋለ ሊቅ፣ ሊቅነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ እንጃ።

«ገባኝ ጋሼ» አለች ልጅቷ። «ግን አባቴን ለወረፋ አልሰጥም። አንድ ጊዜ እንሞክረው። እምቢ ካለ ከአራቱ ጎረምሶች አንዱን ያስቀሩና መሎጊያውን እኔ ራሴ እይዛለሁ።»

ጋሽ ምሰሶ ደብተሩን ዘግተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሮው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቶት ነበር።

ስልኳን አውጥታ የቢሮውን አፕ ከፈተች፤ የአባቷን የጡረታ ቁጥር አስገባች፤ ስልኩን ፊታቸው አጠገብ ያዘችላቸው። መስታወቱ ላይ ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፤ ቆመች። እንደገና ሞከረች፤ ክቧ ያንኑ ሆነች። ጋሽ ምሰሶ በመጀመሪያ «አላልኩም?» የሚል ፊት አሳዩ። ሦስተኛው ሙከራ ሲከሽፍ ግን ልጅቷ ስልኩን አውርዳ በሩ ላይ ወዳለው ወንበር ተመለከተች፤ ያን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ፤ የመስመር ሠራተኛነታቸው ተነሳባቸው።

«ያ ታወር የምትሉት የት ነው የቆመው?» አሉ።

ከወፍጮ ቤቱ በላይ ኮረብታው ጫፍ ላይ መሆኑን ነገርኳቸው።

«የእኛ የመጨረሻው እንጨት የነበረበት ቦታ ነዋ። ታዲያ እዚህ ግድግዳ ሥር ምን ትሠራላችሁ? መሃል ላይ የወፍጮ ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ አለ። ያኔም ሽቦውን በዚህ በኩል ማሳለፍ አልቻልንም፤ በዚያ መስኮት ትይዩ ነው ያዞርነው። አልጋውን ወደዚያ መስኮት አምጡት። ቀስ በሉ፤ እሱን ሳታነቃንቁ አልጋውን ብቻ።»

እኔ በእግርጌ፣ እሳቸው በራስጌ፣ ልጅቷ በመሃል ሆነን አልጋውን ጥቂት ጥቂት እየሳብን መስኮቱ ሥር አደረስነው። ጋሽ ምሰሶ መስኮቱን ከፈቱ፤ በአንድ ዓይናቸው ኮረብታውን አነጣጠሩ፤ የልጅቷን እጅ ይዘው ስልኩን አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ገፋ አደረጉት።

«አሁን ሞክሪ» አሉ።

ክቧ አንድ ጊዜ ዞረችና ተከፈተች።

ከስልኩ የወጣው ድምፅ ጋሽ ሽቦን ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ጠየቃቸው፤ ጨፈኑ። ወደ ቀኝ እንዲዞሩ ጠየቃቸው፤ በዝግታ ዞሩ። አውራ ጣታቸውን ልጃቸው መስታወቱ ላይ አስነካቻቸው። ጥቂት ቆይቶ የአንዲት ወጣት ሠራተኛ ፊት ብቅ አለ፤ ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት የለም፣ ከኋላዋ አንዲት ግድግዳ ሰዓት ብቻ። «እንደምን ዋሉ አባቴ፣ እግዜር ይማርዎት» አለች፤ በደንብ አየቻቸው። ጋሽ ምሰሶ ይህንን ልብ አሉት። ያ ፀሐፊ በዚህን ያህል ዘመን አንድ ቀን እንኳን እግዜር ይማርህ ብሎ እንደማያውቅ በጆሮዬ ሹክ አሉኝ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፣ አይቸኩሉ» አለች ሠራተኛዋ። «አብረውዎት ይሠሩ ከነበሩት ሰዎች አንድ ሁለቱን በቅጽል ስማቸው ይጥሩልኝ።»

«ም…ሰሶ» አሉ ጋሽ ሽቦ። ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። «መሰ…ላል።»

ሠራተኛዋ ከመዝገቡ ጋር አመሳክራ ፈገግ አለች። «ትክክል ነው፤ ተመዝግበዋል፣ ካርድዎ ይቀጥላል። ደስ ሲል። እሳቸውም ባለፈው ሳምንት ስጠይቃቸው እነዚህኑ ነው የጠሩልኝ፤ ምሰሶና ሽቦ ብለው።»

«እሳቸው ማን?» አሉ ጋሽ ምሰሶ፣ በልጅቷ ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው።

«መሰላል የሚሏቸው።»

«መሰላል ሞቷል እኮ ልጄ። ዓመት ሆነው። እኔ ነኝ ለቅሶ የተቀመጥኩት።»

ሠራተኛዋ ስልኩ ውስጥ ሆና ክው አለች። ከሚገባት በላይ እንደተናገረች ገባት መሰለኝ፤ የሰው አድራሻ መስጠት እንደማይፈቀድላት በትሕትና ነገረቻቸው። «ግን የእናንተን ቁጥር ከፈቀዱልኝ ለእሳቸው እሰጣለሁ» አለች። የጋሽ ሽቦ ልጅ የስልኳን ቁጥር ነገረቻትና ሠራተኛዋ ተሰናበተች።

ከዚያ በኋላ የጠበቅነውን ጊዜ መናገር ይከብደኛል። ጋሽ ምሰሶ ያን ባለመሎጊያ ወንበር በግድ በበሩ አስገብተው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡበት፤ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ስልኩ ሲጮኽ ሊያነሱት አልቻሉም፤ ጣታቸው የቱ ጋ እንደሚነካ ጠፋው። ልጅቷ ነካችላቸው።

«አለህ?» አለ ከወዲያ የመጣው ሻካራ ድምፅ።

ጋሽ ምሰሶ ስልኩን ወደ አልጋው አዞሩት። ጋሽ ሽቦ ከአልጋቸው፣ በተሳሰረው ምላሳቸው፣ «አለ…ሁ» አሉ።

«ሽቦ ነህ? ምሰሶስ?»

«እዚህ ነኝ» አሉ ጋሽ ምሰሶ። «አንተ ግን ሞተህ የለም እንዴ?»

«ማን ነው የነገረህ?»

«ወረፋው ላይ ጠፋህ። ስምህ ሲጠራ ዝም።»

«ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ልጄ ዘንድ ገባሁ። በዚህ በስልኩ ነው ‹አለሁ› የምለው።»

«ለቅሶህን ተቀምጫለሁ።»

«ስንት ሰው መጣ?» አሉ ጋሽ መሰላል።

«እኔና ሽቦ። መምህሩም መጥቷል።»

«ሦስት ሰው ብቻ? ይህን ሁሉ እንጨት ወጥቼ?»

ሳቅን። ጋሽ ሽቦም ሳቁ፤ ልጃቸው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በጋዋኗ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ጋሽ መሰላል ያሉትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቁጥራቸውን ስላጡ በምንም ሊያገኟቸው እንዳልቻሉ፣ ያቺ ሠራተኛ የሥራ ጓደኛ ይጥሩልኝ ባለቻቸው ጊዜ ሁሉ የሁለቱን ስም የሚጠሩት አንድ ቀን እነሱም የእሳቸውን ይጠሩ ይሆናል ብለው እንደሆነ ነገሯቸው። «አራት ጊዜ ጠራኋችሁ» አሏቸው። ጋሽ ምሰሶ በዚህን ጊዜ ዕንባቸውን አልደበቁም። በሕይወት ባለ ጓደኛው ላይ በገዛ እጁ መስቀል ያደረገ ሰው ምን ይበል?

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ነገር ምን እንማር ብትለኝ፣ እኔ ማስተማር ሥራዬ ነውና ዝም አልልህም። ጋሽ ሽቦ ሐኪማቸው እንዳዘዘው ከክፍላቸው ሳይወጡ፣ ካርዳቸው ሳይዘጋ፣ መድኃኒታቸው አንድ ቀን ሳይቋረጥ ሰነበቱ። ያ አራት ሰው የሚሸከመው ወንበርና ሦስት ፎቅ ደረጃ ምን ሊያደርጋቸው ይችል እንደነበር ሐኪሙ ሲሰማ ራሱን ይዞ ነበር። ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ ስልኩ የማይገባው ሰው ብዙ ነው፤ ይህን የሚክድ ዋሽቷል። ግን ጋሽ ምሰሶ እንዳሳዩን፣ ሲጠፋ የት ዞሮ እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው አጠገብ መኖር አለበት። አሮጌው ዕውቀትና አዲሱ መሣሪያ አንድ መስኮት ሥር ሲገናኙ ያየሁት ያን ቀን ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ ድንጋይ ከማንሳታችን በፊት ከወዲያ ጫፍ ማን እንደሚጣራ ጆሮ ብንሰጥ ምናለ እላለሁ።

ጋሽ ምሰሶ በማግስቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ላጲስ ለመኑኝ። መስቀሎቹን የጻፏቸው በእስክሪብቶ ስለሆነ ላጲሱ ወረቀቱን ከመቅደድ በቀር አልረዳቸውም። ስለዚህ ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብለው በሰው በሰው እየጠየቁ፣ እየደወሉ፣ አንድ ወር ፈጀባቸው። ከዐሥራ አንዱ ሰባቱ በእርግጥ አርፈዋል፤ የእነሱን መስቀል እንዳለ ተዉት። አራቱ ግን አሉ። ከአራቱ መስቀል አጠገብ በትልቁ «አለ» ብለው ጻፉ።

ያ ወንበር መሎጊያው ተነቅሎለት አሁን ጋሽ ሽቦ መስኮት ሥር ነው። በየወሩ የመጀመሪያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ምሰሶ ይቀመጡበታል፤ ስልኩ የውሃውን ጆግ ተደግፎ ይቆማል፤ ፊቶች መስታወቱ ላይ በየሳጥናቸው ይደረደራሉ፤ አንዱ ግንባሩ ብቻ፣ አንዱ አፍንጫው ብቻ ይታያል። እሳቸው ከደብተራቸው ስም ይጠራሉ፤ ከየአገሩ «አለሁ» ይባላል። እኔም አንዳንድ ጊዜ በርጩማ ስቤ እቀመጣለሁ፤ ባለቤቴ ነገር ፍለጋ ትበለው።

ባለፈው ሐሙስ ዝርዝሩ አልቆ ደብተሩን ሊያጥፉ ሲሉ ልጅቷ አንድ ስም እንደቀረ አስታወሰቻቸው። የቱ ነው ብለው ገጹን ገለጡ። የራሳቸውን ስም ማንም ጠርቶላቸው አያውቅም ነበር፤ ጠሪው እሳቸው ናቸውና። ጋሽ ሽቦ ከትራሳቸው ቀና አሉ። ከታመሙ ጀምሮ ሳይሰበር የወጣላቸው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

«ምሰሶ፣ አለህ?»

«አለሁ» አሉ ጋሽ ምሰሶ።